እንጦጦ ነቀምቴ ላይ ስትወድቅ፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ናቸው፤ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ፣ ከሰበታ፣ ከሆለታ፣ ከአዲስ ዓለም። አያስገርምም። ድሮ ወደ እንጦጦ የሚመጣ ተጓዥ የመጨረሻ ድንኳኑን የሚተክለው፣ ሲመለስም የመጀመሪያ ሌሊቱን የሚያድረው እዚሁ ዙሪያ ነበር። ስለዚህ የድሮ የጉዞ መጻሕፍትን የገለጠ የዳርቻ ሰው የሰፈሩን ወንዝ ወይም ተራራ ስም ማግኘቱ አይቀርም። ጣጣው የሚጀምረው ስሙን ካገኘ በኋላ ነው። ቀኑ አይገጥምም፣ ርቀቱ አይገጥምም፣ ካርታው ሌላ አገር ያደርሳል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን አቅርበናል። ዓ.ም. ያልነው የእኛን፣ እ.ኤ.አ. ያልነው የፈረንጆቹን ነው።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የታተመ የፈረንሳይኛ የጉዞ ካርታ ከኢንተርኔት አውርጄ የእንጦጦን ቦታ ስልኬ ላይ አስገባሁ። ኬክሮሱ 9 ዲግሪ ከ5 ደቂቃ ይላል፤ ልክ ነው። ኬንትሮሱ ግን 36 ዲግሪ ከ25 ደቂቃ ስለሚል ስልኩ ነቀምቴ አጠገብ ጣለኝ። የተሳሳተው ተጓዡ ነው ወይስ እኔ?

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ የተለያየው መነሻው ነው። ዛሬ ኬንትሮስ የሚቆጠረው ለንደን ካለችው ግሪኒች ተነሥቶ ነው። የዚያ ዘመን ፈረንሳዮች ግን ከፓሪስ ነበር የሚቆጥሩት። ፓሪስ ከግሪኒች በ2 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ወደ ምሥራቅ ትገኛለች። በፈረንሳይ ካርታ ላይ ባገኙት ኬንትሮስ ላይ ይህንኑ ይደምሩ። 36 ከ25 እና 2 ከ20 ሲደመሩ 38 ከ45 ይሆናሉ፤ እንጦጦም ቦታዋ ተመለሰች። በእኛ ኬክሮስ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሳይደመር ሲቀር ስሕተቱ 256 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነቀምቴን አሳልፎ የሚጥለውም ይኸው ነው።

የኢጣሊያ ካርታ ከሮም (12 ዲግሪ ከ27 ደቂቃ)፣ የሩሲያ ካርታ ከፑልኮቮ (30 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ) የሚቆጥርበት ጊዜ አለ። መነሻው ብዙውን ጊዜ በካርታው የላይኛው ወይም የታችኛው ጠርዝ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ካርታ ሲያወርዱ ጠርዙ የተቆረጠውን ቅጂ አይውሰዱ።

አንድ ነገር እንጨምር። መነሻውን ካስተካከሉ በኋላም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከ10 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ቢጎድል አይደንግጡ። ኬክሮስ የሚለካው በፀሐይ ወይም በኮከብ ከፍታ ስለሆነ ጥሩ ሴክስታንት (የፀሐይና የኮከብ ከፍታ መለኪያ) የያዘ ሰው ብዙ አይስትም፤ 1 ደቂቃ ቢስት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው። ኬንትሮስ ግን በሰዓት ነው የሚገኘው። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 የሰዓት ደቂቃ ይፈጅባታል፤ በበቅሎ ጀርባ ሲንገጫገጭ የከረመ ሰዓት አንዲት ደቂቃ ቢዛነፍ ስሕተቱ ወደ 27 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በዚህም የተነሣ ወደ ጎን የሚታይ ስሕተት የተለመደ ነው፤ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይህን ያህል የሚስት ካርታ ግን ይጠርጠር።

ካርታውን በጉግል ኧርዝ ላይ ሊያነጥፉ ከሆነ ቢያንስ 4 ማሰሪያ ነጥብ ይምረጡ፤ ተራራና የወንዝ መገናኛ ይሁኑ። የረር፣ ዝቋላና ወጨጫ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። መንደር ግን ይነቃነቃል፤ ዋና ከተማው ራሱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ወርዷል።

ጥያቄ (ከሱሉልታ፣ መምህር)፦ የዐድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። የፈረንጆቹ መጻሕፍት ማርች 1 ቀን 1896 ይላሉ። እኛ በየዓመቱ የካቲት 23ን የምናከብረው ግን ማርች 2 ላይ ነው። ተማሪዎቼ ጠየቁኝና መልስ አጣሁ።

መልስ፦ መምህር፣ ቀኑ ልክ ነው፤ የተቀየረው ክፍለ ዘመኑ ነው። የእኛ አቆጣጠር በየ4 ዓመቱ ጳጉሜን 6 እያደረገ ሳያዛንፍ ይሄዳል። የግሪጎርዮሱ ግን በ1700፣ በ1800 እና በ1900 እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪን 29 ሳያደርግ ዘለለ፤ በዘለለ ቁጥርም ከእኛ አንድ ቀን ራቀ። ስለዚህ መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አልነበረም። ከ1900 እ.ኤ.አ. ወዲህ 11 ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን 10፣ በ18ኛው 9፣ በ17ኛው 8 ነበር። ያለፈው ዓመት ጳጉሜን 6 ከነበረ በሁሉም ላይ አንድ ቀን ይጨመራል።

በዐድዋ ይፈትሹት። 1887 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ነበረች፤ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 1888 የዋለው ሴፕቴምበር 11 ቀን 1895 ነው፤ 10 ሲደመር 1። ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 23 ድረስ 172 ቀን ነው። በ1896 ፌብሩዋሪ 29 ነበረችና ቆጠራው ማርች 1 ላይ ያርፋል። በዛሬው ስሌት ማርች 2 ይሆናል። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ይህ አንድ ቀን ብቻ ነው። ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር ግን ይከፋል። ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየው ኤፕሪል 21 ቀን 1618 ነው፤ በዛሬው ስሌት ሚያዝያ 13 ይመጣል፣ ትክክለኛው ግን ሚያዝያ 16 ቀን 1610 ዓ.ም. ነው። የሦስት ቀን ልዩነት ትልቅ ነው፤ ተጓዡ «የበዓል ቀን ነበር» ብሎ ከጻፈ የትኛው በዓል እንደሆነ ይጠፋብዎታል። ከ1582 እ.ኤ.አ. በፊት የጻፈ ሰው፣ ለምሳሌ በ1520 ምጽዋ የወረደው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የሚጠቀመው የዩልዮስን አቆጣጠር ነው፤ በዚያ አቆጣጠር መስከረም 1 ኦገስት 29 ነው። እንግሊዞች እስከ 1752፣ ሩሲያውያን እስከ 1918 ድረስ በዚያው ቆይተዋል። በምኒልክ ዘመን የመጣውን የሩሲያዊውን መኮንን የቡላቶቪችን ቀኖች ስትመለከቱ ኦገስት 29ን መነሻ አድርጉ፤ ያለዚያ 12 ቀን ትስታላችሁ።

ለተማሪዎችዎ አንድ የቤት ሥራ፦ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ግሽ የደረሰው ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ነው። ጥቅምት 25 ብሎ የመለሰ ዜሮ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1763 ያለ ሙሉ ነጥብ።

ጥያቄ (ከአዲስ ዓለም)፦ የአባቴ አባት በወጣትነታቸው ከነጋዴ ጋር ቡና በበቅሎ ጭነው እስከ ድሬዳዋ ባቡር ድረስ የተጓዙበትን በደብተር ጽፈው ትተዋል። ዓመተ ምሕረት የለውም። «በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ጥር፣ በሚካኤል ማግስት ተነሣን፤ ፀሐይ ከገባ በኋላ በምዕራብ ባለጭራ ኮከብ አየን» ይላል። ዓመቱን ማወቅ ይቻላል? ደብተሩ ስለተበጣጠሰ ላሚኔት ላስደርገው አስቤያለሁ።

መልስ፦ በመጀመሪያ ላሚኔት የሚለውን ይርሱት። ሙቀቱ ወረቀቱን ይጎዳል፣ ፕላስቲኩ ደግሞ ከተለጠፈ በኋላ አይላቀቅም። ስኮችም እንደዚያው ነው፤ ሙጫው ዓመት ቆይቶ ቢጫ ይሆንና ቀለሙን ይዞ ይነሣል።

አሁን ወደ ዓመቱ። አያትዎ ከብዙ ፈረንጅ ተጓዥ የተሻለ ፍንጭ ትተውልዎታል። ዘመነ ማርቆስ ማለት ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 2 የሚተርፍበት ዓመት ነው (1 ሲተርፍ ማቴዎስ፣ 3 ሲተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ)። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም.። ቡናውን በበቅሎ እስከ ድሬዳዋ የወሰዱት በእነዚህ መካከል ነው ብንል ያለን ምርጫ ሦስት ብቻ ነው፦ 1898፣ 1902 እና 1906። ባለጭራው ኮከብ ይፈርዳል። በ1902 ዓ.ም. ሁለት ትልልቅ ባለጭራ ኮከቦች ታይተዋል። ስሙ የገነነው የሃሌ ኮከብ ለዓይን ጎልቶ የወጣው በሚያዝያና በግንቦት ነው። የአያትዎ ኮከብ እሱ አይደለም፤ ወሩ ጥር ነውና። ከሃሌ ቀደም ብሎ በጃንዋሪ 1910 እ.ኤ.አ. ድንገት የወጣ ሌላ ኮከብ ነበር፤ እጅግ ከመድመቁ የተነሣ በቀን ብርሃን ሁሉ ታይቷል፣ በወሩ ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ ማታ ማታ ፀሐይ ከገባች በኋላ በምዕራብ ይታይ ነበር። የሚካኤል ማግስት ጥር 13 ነው፤ ጥር 13 ቀን 1902 ደግሞ ጃንዋሪ 21 ቀን 1910። አቅጣጫው፣ ሰዓቱና ወሩ ገጥመዋል። ሰው «ሃሌ ነው» ቢልዎ አይቀበሉት።

ደብተሩን እንዲህ ያድርጉት። ከሁሉ በፊት ፎቶ ያንሡት፤ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ጠረጴዛ ላይ፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርገው፣ ከገጹ ጎን ማስመሪያ አስቀምጠው፣ እያንዳንዱን ገጽ ሁለት ሁለት ጊዜ። ፍላሽ አያብሩ። ባዶ ገጾችንም አይዝለሉ፤ ጀርባ ላይ የተጻፈ ሒሳብ ብዙ ጊዜ ከጽሑፉ የበለጠ ይናገራል። ከዚያ እንዳለ ይገልብጡት፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀን አያርሙ፣ ያልተነበበውን በነጥብ ይተዉ። በደብተሩ ላይ ግን በእስኪርብቶ ምንም እንዳይጽፉ፤ ቁጥር መስጠት ካስፈለገ በእርሳስ፣ ጥግ ላይ፣ ሳይጫኑ። በታጠበና ስታርች በሌለው ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው በካርቶን ውስጥ፣ ከወለል ከፍ አድርገው፣ ከማድ ቤት ጢስ አርቀው ያስቀምጡ። ክረምት ላይ በየሁለት ሳምንቱ ከፍተው ያናፍሱት፤ እርጥበት ከገባ ሻጋታው ቶሎ ነው የሚወረው።

በደብተሩ ፈረሱላ የሚል ካለ ለቡና 17 ኪሎ ግድም ብለው ያስሉ፤ ከገበያ ገበያ ግን ይለያይ ነበር። ስድስት ፈረሱላ የአንድ ደህና በቅሎ ጭነት ነው።

ጥያቄ (ከለገጣፎ፣ የተማሪዎች ክበብ)፦ ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ተነሥቶ ወደ ሐረር ሲሄድ በመጀመሪያው ጉዞ 25 ኪሎ ሜትር ሄዶ አቃቂ ወንዝ መድረሱን አነበብን። ያንን መንገድ በእግራችን ልንደግመው ነው። የምንደርሰው አቃቂ ከተማ ነው?

መልስ፦ አይመስለንም። ወደ ራሳችሁ ሰፈር ነው የምትመጡት።

ራምቦ ያኔ ግጥም ትቶ ነጋዴ ሆኖ ነበር፤ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ መጥቶ፣ ከአገሩ ሰው ከጁል ቦረሊ ጋር ተመለሰ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ከካይሮ ለቀድሞ አሠሪው በላከው ደብዳቤ መንገዱን ደረጃ በደረጃ ዘርዝሯል፦ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ወንዝ፣ የታረሰ አምባ፣ 25 ኪሎ ሜትር፤ ቀጥሎ እስከ አንድ የአቢቹ መንደር 30 ኪሎ ሜትር፣ ከፍታው 2500 ሜትር ገደማ፣ «ሄረር» ተራራ በስተደቡብ፤ ከዚያ በሸንኮራ በኩል ወደ ምንጃር ሜዳ ቁልቁል፣ 25 ኪሎ ሜትር።

ፍንጩ ተራራው ነው። ፈረንሳይኛ «ሀ»ን በጽሑፍ ያስቀምጣል እንጂ አያነባትም፤ «ሄረር» የእናንተው የረር ነው። ከአቃቂ ከተማ ተነሥቶ በዱከም በኩል ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው የረርን የሚያየው በስተግራው፣ ማለትም በሰሜን ነው። ራምቦ ግን በስተደቡብ አየው። ስለዚህ ያለፈው ከተራራው በስተሰሜን ነው፤ የተሻገረውም የላይኛውን አቃቂ፣ ወደ ለገጣፎና ለገዳዲ ያለውን ክንድ ሳይሆን አይቀርም። ሌላም ማረጋገጫ አለ፤ ከለገዳዲ እስከ ምንጃሩ አረርቲ በቀጥታ መስመር ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙ አይርቅም፤ የእሱ ሁለተኛና ሦስተኛ ጉዞ ድምር 55 ነው።

የእሱ ኪሎ ሜትር ግን በሜትር የተለካ አይደለም፤ በሰዓት የተገመተ ነው። የተጫነ በቅሎ በሜዳ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር፣ በዳገት 3 ይሄዳል፤ ከብቱ መጋጥ ስላለበት በቀን ከ5 እስከ 6 ሰዓት በላይ አይነዳም። ለዚህ ነው የድሮዎቹ የቀን ጉዞ ሁሉ ከ20 እስከ 25 የሚሆነው። ከዚያ በላይ የሚል ሲያጋጥማችሁ ወይ ጭነት አልነበረም፣ ወይ ተጋንኗል። በካርታ ላይ በቀጥታ መስመር ስትለኩ ሩቡን ያህል ጨምሩ፤ መንገድ ይጠማዘዛል።

ስለ ጉዟችሁ። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ድረስ ሂዱ። በክረምት ሜዳው ዋልካ አፈር ነው፤ ጫማ ይውጣል፣ በቅሎም ያሰምጣል፤ የድሮ ነጋዴ ክረምት ላይ ሰፍሮ የሚቆየው ሰንፎ አይደለም። ከእንጦጦ ጀርባ የምትነሡት ጎሕ ከቀደደ በኋላ ይሁን፤ ጅብ አለ። ውሃ ለአንድ ሰው 3 ሊትር ያዙ። ከወንዙ አትጠጡ፤ ወንዙ የራምቦ ዘመን ወንዝ አይደለም፣ በጨርቅ ማጥለልም አያነጻውም። የት እንደምትሄዱ የሚገልጽ ደብዳቤ ከትምህርት ቤታችሁና ከወረዳችሁ ያዙ። በየሰዓቱ ቆማችሁ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ሰዓቱን፣ የስልኩን ከፍታ፣ ዙሪያችሁ የበቀለውን።

የበቀለውን ያልነው በምክንያት ነው። ራምቦ የምንጃርን ከፍታ 1800 ሜትር ያለው በመሣሪያ ለክቶ አይደለም፤ ከዕፅዋቱ ዓይነት እንደገመተ ራሱ ጽፏል፣ አገሩን የለመደ ሰው በዚህ እንደማይሳሳትም በኩራት ጨምሯል። ግምቱ ደግሞ ጥሩ ነው። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ከሚለው የገበሬው ዓይን የተለየ ዘዴ አልነበረውም፦ አስታና ኮሶ ከላይ፣ ጥድና ወይራ መካከል፣ ግራር ሲበዛና ማሽላ ሲታይ ወረድ ብለናል ማለት ነው። ዛሬ ይህን ዘዴ ያበላሸው ባሕር ዛፍ ነው፤ ሁሉም ጋ አለ።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ የድሮ ተጓዦች ውሃ አፍልተው የተራራ ከፍታ ይለኩ ነበር ይባላል። እኔ ወጨጫ ላይ ልሞክር ነው። ቤቴ ስሞክር ግን ቴርሞሜትሩ 93.4 አሳየ፤ በስሌቱ የሰበታ ከፍታ ከ2000 ሜትር በታች ሆነ።

መልስ፦ ሰበታ ከ2300 ሜትር በላይ ነች፤ ውሃ እዚያ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ከትንሽ ላይ ነው። የሳቱት ከአንድ ዲግሪ ጥቂት በሚበልጥ ነው፤ አንድ ዲግሪ ግን 300 ሜትር ነው። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ውሃው በቀላሉ ይፈላል፤ ከባሕር ወለል 100 ዲግሪ ተነሥቶ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል፣ 3000 ሜትር ላይ 90 ይሆናል። የእንግሊዝ መጽሐፍ ከሆነ በፋራናይት 194 ብሎ ያስቀምጠዋል፤ አንድ ፋራናይት 165 ሜትር ያህል ነው።

የሚሳሳተው ሰው ሁሉ የሚሠራው አንድ ስሕተት ነው፤ ቴርሞሜትሩን ውሃው ውስጥ ይነክራል። የብረት ድስት ታች ከውሃው ይግላል፤ ውሃው ጭቃ ወይም ጨው ካለበትም መፍሊያው ከፍ ይላል። እንፋሎቱ ግን በዚህ አይታለልም። ስለዚህ የሚለካው እንፋሎት ነው። የተጓዦቹ መሣሪያ አንገት ያላት ትንሽ የቆርቆሮ ማፍያ ነበረች፤ ጀበና ብለው ቢያስቧት ብዙ አይርቁም። አንገተ ረጅም የሻይ ማንቆርቆሪያ ወይም ጀበና ይውሰዱ፣ ሩብ ሊትር ውሃ ያድርጉ፣ የቴርሞሜትሩን ጫፍ በአፉ አስገብተው ከውሃው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ግድግዳ ሳይነካ ይንጠልጠል። እንፋሎቱ በአፉ ሳያቋርጥ ለ5 ደቂቃ ይውጣ፤ ቁጥሩ መንቀሳቀስ ሲያቆም ያንብቡ።

ሁለተኛው ችግር ቴርሞሜትሩ ነው። የገበያው ዲጂታል አንድ አሥረኛ ዲግሪ ያሳያል እንጂ እስከ አንድ ዲግሪ ድረስ ሊዋሽ ይችላል። መድኃኒቱ ልዩነቱን ብቻ መጠቀም ነው። በዚያው ዕለት፣ በዚያው ቴርሞሜትር ቤትዎ ያፍሉ፣ ወጨጫ ላይ ያፍሉ፤ ልዩነቱን በ300 አባዝተው ከሰበታ ከፍታ ላይ ይደምሩ። ውሸቱ በሁለቱም ላይ እኩል ስለሆነ ይጣፋል። ወጨጫ ከ3300 ሜትር በላይ ስለሆነ የሚጠብቁት ልዩነት 3 ዲግሪ ገደማ ነው።

ሰዓቱንም ይጠብቁ። በእኛ አገር የአየር ግፊቱ ጠዋት 4 ሰዓት ግድም ከፍ፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ግድም ዝቅ ይላል። ቤት ጠዋት፣ ተራራ ከሰዓት ከለኩ ዝናብ ሳይመጣ፣ ደመና ሳይኖር 30 ሜትር ያህል ይጨምርብዎታል። ተጓዦቹ አናሮይድ ባሮሜትርም (ባለ መርፌ የአየር ግፊት መለኪያ) ይይዙ ነበር፤ በቀላሉ ይነበባል፣ ግን በቅሎዋ ላይ ሲናወጥ መርፌው ይስታል፤ የሚያርሙት በዚችው በፈላች ውሃ ነበር። ንፋስ ስላለ ላምባ ወይም ጋዝ ምድጃውን የሚከልል ቆርቆሮ አይርሱ። እዚያ ደን ውስጥ ክፍት እሳት አያንድዱ።

ጥያቄ (ከሆለታ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ ስለ ፊንፊኔ የሚጽፉ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍት ኦሮሞን በስድብ ስም ይጠራሉ። በጥናቴ ስጠቅስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በራስህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ኦሮሞ ብለህ ጻፍ፤ ጥያቄ የለውም። ቃል በቃል የምትጠቅሰውን ግን አትቀይር፤ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ተወውና የመጀመሪያው ላይ የጸሐፊው ቃል መሆኑን አንድ ጊዜ አመልክት። ሰነድ የሚያርም ሰው የሰነዱን ጥፋት ይደብቃል።

ከስሙ በላይ ግን ጸሐፊው የት ቆሞ እንዳየ ተመልከት። እንግሊዛዊው ሐሪስ ከ1841 እስከ 1843 እ.ኤ.አ. በሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ ነበር፤ መጽሐፉ በ1844 ወጣ። የፊንፊኔን ሸለቆ ያየው ከንጉሡ ዘመቻ ጋር ነው። ስለ ማሳው፣ ስለ መንደሩ፣ ስለ ቃጠሎው የሚጽፈው ከሠራዊቱ ወገን ቆሞ ያየውን ነው፤ ማሳው የነበረው ሰው ምን እንዳለ አልጠየቀም። ለማሳው መኖር ጥሩ ምስክር ነው። ለዘመቻው ምክንያት ግን የሚደግመው አስተናጋጆቹ የነገሩትን ነው። እኛ እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ስናነብ ጠርዙ ላይ በእርሳስ ሦስት ፊደል እንጠቀማለን፦ «ያ» ያየው፣ «ሰ» የሰማው፣ «ቀ» ከሌላ መጽሐፍ የቀዳው። «ቀ» ሲበዛ መጽሐፉ ይዘጋል።

አጫጭር መልሶች

ከሱሉልታ፣ ሁለተኛ ደብዳቤ፦ «በ1870ዎቹ ዓ.ም. የእንጦጦ ገጽታ» የተባለው ሥዕል ላይ የባሕር ዛፍ ረድፍ ካለ መግለጫው ተሳስቷል። ባሕር ዛፍ የገባው በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የመጻሕፍቱ ሥዕሎች የተቀረጹት አገሩን ረግጠው በማያውቁ የፓሪስና የለንደን ቀራጮች ነው፤ ተጓዡ ያላየውን ዛፍ ቀራጩ ሊተክልለት ይችላል።

ከለገጣፎ፦ ግሽን «ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው» ማነው ለሚለው፦ የሰከላ ሰዎች ምንጩን ምን ጊዜም ያውቁታል። ከአውሮፓውያን ከሆነ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ. ደርሷል፤ ብሩስ ከ152 ዓመት በኋላ። ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ፓኤዝን አላመነውም፤ ክርክሩ የመጣው ከዚያ ነው።

ከአቃቂ፦ ሸዋን በአምስት ዓይነት ፊደል ስላገኙት አይጨነቁ። ፈረንሳዩ «ሽ»ን በሲ እና ኤች፣ ጀርመኑ በኤስ፣ ሲ እና ኤች፣ ኢጣሊያው በኤስ፣ ሲ እና አይ፣ ፖርቱጋሉ በኤክስ ይጽፋል። ስሙን በዓይን አያንብቡ፤ በጸሐፊው ቋንቋ ጮክ ብለው ያንብቡት፣ ከዚያ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የሚመስለውን ይፈልጉ። የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ስም ማውጫ ሲፈልጉም በ«አ» ያጡትን በ«ሀ» ይሞክሩ።

ከቡራዩ፣ መጻሕፍቱ የት ይገኛሉ ላሉን፦ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት እና ወመዘክር። መታወቂያ ይዘው፣ የደራሲውን ስም በላቲን ፊደል ጽፈው ይሂዱ። ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት የታተሙት ብዙዎቹ በኢንተርኔት አርካይቭና በፈረንሳዩ ጋሊካ በነፃ ይገኛሉ። ዳታ ለመቆጠብ ብለው ጽሑፉን ብቻ የያዘውን ፋይል ካወረዱ ግን ቁጥሮቹን አይመኑ፤ ማሽኑ 3ን 8፣ 1ን 7 አድርጎ ያነባል። ርቀትና ቀን ያለበትን ገጽ በፎቶው ቅጂ ያመሳክሩ።